ልመናዬ ስድስት ዓመት ሞላው፤ እምነቴ እያደገ ነው ወይስ እየሞተ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። 33 ዓመቴ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ ትዳር ጸልያለሁ። መጀመሪያ ላይ እጾም ነበር፣ ሌሊትም ተነስቼ እጸልይ ነበር። አሁን ግን ተንበርክኬ ቃል እንኳ አይወጣኝም። ሰዎች ምስክርነት ሲሰጡ አብሬ እልል እላለሁ፣ ቤቴ ስገባ ግን አለቅሳለሁ። አንድ አገልጋይ ‹እግዚአብሔር እየሠራሽ ነው፣ ስትበስዪ ይሰጥሻል› አለኝ። ትምህርቴን መቀጠሉንም፣ የራሴን ቤት መከራየቱንም ‹ሳገባ› እያልኩ ትቼዋለሁ። ይህ ጊዜ እምነትሽን ያሳድገዋል ይሉኛል፤ እኔ ግን እየሞተ ያለ ይመስለኛል። እንዴት ነው የሚያድገው? ልመናውንስ ልተወው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ። በጣም ያስጨነቀሽን በቅድሚያ ልመልስ። እምነትሽ እየሞተ ነው ብዬ አላምንም። እምነቱ የሞተ ሰው እግዚአብሔር ዝም አለኝ ብሎ ቤቱ ገብቶ አያለቅስም። ነገሩን ትቶ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። አንቺ ግን ቃል ባይወጣሽም አሁንም ትንበረከኪያለሽ። ያለሽ የደከመ እምነት ነው። በምክር አገልግሎት ከማገኛቸው ሰዎች ብዙዎቹ እነዚህን ሁለቱን ያምታታሉ፣ ከዚያም የሌለባቸውን በሽታ ለማከም ሲታገሉ ይብሱን ይደክማሉ።

ቀጥሎ ከላይሽ ላወርደው የምፈልገው ሸክም አለ። «ስትበስዪ ይሰጥሻል» ያለሽ አገልጋይ በጎ አስቦ ይሆናል። ነገር ግን አባባሉ ትክክል አይደለም፣ ሰውንም ይጎዳል። ገልብጠሽ ስትሰሚው «ያልተሰጠሽ ስላልበሰልሽ ነው» ማለት ነው። እስቲ ዙሪያሽን ተመልከቺ። ያገባ ሁሉ በስሎ ነው ያገባው? ትዳር የመንፈሳዊ ብስለት ሽልማት ቢሆን ኖሮ ስንቱ ሳያገባ በቀረ ነበር። ያላገቡትስ? ሐዋርያው ጳውሎስ 1ኛ ቆሮንቶስ 7ን ሲጽፍ ሚስት አልነበረውም፤ ስላልበሰለ ነው የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሉቃስ ወንጌሉን የሚጀምረው በሚጠብቁ ባልና ሚስት ነው። ምዕራፍ 1 ቁጥር 6 ላይ ዘካርያስና ኤልሳቤጥ በእግዚአብሔር ፊት ጻድቃን እንደነበሩ፣ በትእዛዙም ያለ ነቀፋ እንደሚሄዱ ይነግረናል። ቁጥር 7 ላይ ደግሞ ልጅ አልነበራቸውም፣ ሁለቱም አርጅተው ነበር ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው ዝም ብሎ አይደለም። በዚያ ዘመን ልጅ ያላገኘችን ሴት ሰው በክፉ ዓይን ያያት ነበር፤ ኤልሳቤጥ ራሷ በኋላ ጌታ «ነቀፌታዬን» ከሰው መካከል አራቀልኝ ስትል ትሰሚያታለሽ። ሉቃስ ግን ገና ከመነሻው በሩን ዘጋው። የዘገየባቸው አንዳች ስለጎደላቸው አልነበረም።

ይህ አባባል ሌላም ጉዳት አለው። እድገትን ክፍያ ያደርገዋል። ጾምሽም ሌሊት መነሳትሽም ቀስ በቀስ ለአንድ ነገር የምትከፍይው ዋጋ ይሆናል። ሰው ዋጋውን ከፍሎ ዕቃው ሲዘገይበት ወይ ሻጩ ላይ ይቆጣል፣ ወይ «ገንዘቤ ጎድሎ ይሆናል» ብሎ ራሱን ይወቅሳል። አንቺ ሁለተኛውን የያዝሽ ይመስለኛል። ከእግዚአብሔር ጋር ያለሽ ግንኙነት ወደዚህ ከወረደ ደግሞ መድረቁ አይገርምም። በስድስት ዓመት ውስጥ ስለ ትዳር ሳታነሺ ከእሱ ጋር የተቀመጥሽበት ቀን ካለ አስታውሺ። ከሌለ ደግሞ አትደንግጪ፤ የምንጀምርበት ቦታ ታወቀ ማለት ነው።

ይህን ስል የመጠበቅ ጊዜ አያሳድግም ማለቴ አይደለም። ያሳድጋል፤ ብቻ በራሱ አያሳድግም። ጊዜ ብቻውን ሰውን ሊያመርረውም፣ ሊያደነድነውም ይችላል። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ጠብቀው ያደጉ አሉ፣ ሲጠብቁ የተበላሹም አሉ። ሙሴ ከተራራው ሲዘገይ ሕዝቡ የወርቅ ጥጃ ሠራ። ሙሴ ተራራው ላይ የቆየው 40 ቀን ነበር።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን የሳኦል ነው፤ 1ኛ ሳሙኤል 13። ሳሙኤል ሰባት ቀን ጠብቀኝ ብሎት ነበር። ፍልስጥኤማውያን ተሰብስበዋል፣ ሕዝቡ በዋሻና በጉድጓድ እየተደበቀ ነው፣ ከሳኦል ጋር ያሉትም አንድ በአንድ እየከዱት ነው። ሰባቱን ቀን ጠበቀ። ሳሙኤል አልመጣም። ሳኦልም ራሱ የሚቃጠለውን መሥዋዕት አቀረበ፤ ገና አቅርቦ ሲጨርስ ሳሙኤል ደረሰ። ልብ በዪ፣ ሳኦል መጠጥ ቤት አልሄደም። ያደረገው መንፈሳዊ ነገር ነው። ግን የገፋው ፍርሃት ነው፤ ሰው እየተበተነብኝ ነው፣ ጊዜው እያለፈ ነው የሚል ፍርሃት። «ግድ ሆነብኝ» ነው ያለው ሲጠየቅ።

ለአንቺም ፈተናው እንዲህ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ልብሽ «ይሄ ሰው አይሆንም» እያለሽ፣ ጠባዩን እያየሽ፣ «መልሱ ይሄ ቢሆንስ» ብለሽ እሺ ማለት። ወይም ደግሞ ቀን ቆርጦ የሚናገር ሰው ዘንድ መሄድ። ይሄኛውን በደንብ ላስጠነቅቅሽ። በኤርምያስ ዘመን ሐናንያ የሚባል ነቢይ ነበር። ወደ ባቢሎን የተወሰደው ሁሉ በሁለት ዓመት ውስጥ ይመለሳል ብሎ በቤተ መቅደስ፣ በሕዝብ ፊት ተናገረ። ኤርምያስ ደግሞ 70 ዓመት ነው የሚለው። ሕዝቡ የትኛውን መስማት እንደሚመርጥ ታውቂዋለሽ። ኤርምያስ ራሱ እኮ ሐናንያን ሲሰማ በመጀመሪያ «አሜን፣ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ» ነው ያለው። እሱም ቢሆን ሁለት ዓመት ቢሆን ደስ ይለው ነበር! ግን ደስ የሚል መሆኑ እውነት አያደርገውም። ስለዚህ «በዚህ ወር ይሆንልሻል» የሚልሽን ሰው፣ በተለይ ገንዘብ ከጠየቀሽ፣ ዞር ብለሽ ሂጂ። አገልጋይ ነው ብለሽ አትፍሪ።

አብርሃምና ሣራም እንዲሁ ተቻኩለዋል። አብርሃም ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር፣ ይስሐቅ ሲወለድ 100። መሀል ላይ፣ በከነዓን አሥር ዓመት ከኖሩ በኋላ ሣራ ባሪያዋን አጋርን ሰጠችው። ይህን ታሪክ ስንሰብክ ብዙ ጊዜ የምናዝነው ለአብርሃም ነው። እኔ ግን ለአጋር ነው የማዝነው። እግዚአብሔርን «ለማገዝ» ሲሞክሩ የተጎዳችው እሷ ናት። ማንም ሳይጠይቃት ገባችበት፣ ከዚያም እርጉዝ ሆና ወደ ምድረ በዳ ሸሸች። እዚያ የደረሰላት እግዚአብሔር ነው። ጥድፊያችን ብዙ ጊዜ ከእኛ አልፎ ሌላ ሰው ላይ ያርፋል፤ ለማግባት ብለን ያገባነው ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል።

አሁን ወደ ጸሎትሽ ልምጣ፤ ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤ የቀረው እዚህ ላይ ነው። ቃል አይወጣኝም ብለሻል። እኔ የምጠረጥረው ቃሉ ጠፍቶሽ ሳይሆን ያለሽ ቃል ለጸሎት የማይሆን መስሎሽ ነው። ውስጥሽ «ለምን ረሳኸኝ?» ይላል። አፍሽ ደግሞ «ተመስገን» ብቻ እንዲል ለምዷል። «ለምን ረሳኸኝ» ማለት አለማመን ነው ብለሽ ታፍኚዋለሽ፣ «ተመስገን» ደግሞ ከልብ አልወጣ ይልሻል፤ በቃ ዝም።

መዝሙር 13ን ክፈቺ (በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ 12 ተብሎ ይቆጠራል)። ስድስት ቁጥር ብቻ ነው። ዳዊት ገና ሲጀምር «እስከ መቼ?» እያለ ደጋግሞ ይጮኻል። እስከ መቼ ትረሳኛለህ? እስከ መቼ ፊትህን ትሰውርብኛለህ? አክብሮት አላጓደለም እንዴ ትዪ ይሆናል። ግን ይህ ጸሎት በመጽሐፉ ውስጥ ተቀምጧል፣ ምእመናን ሲጸልዩበት ኖረዋል። መጨረሻው ላይ ዳዊት ወደ መታመን ይመለሳል። እንዲህ የማይመለስም አለ፤ መዝሙር 88። እሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጩኸት ነው፣ የሚያልቀውም በጨለማ ነው። ምንም ማጽናኛ አልተጨመረበትም። እግዚአብሔር ያንን ጸሎት ካልከለከለ ያንቺንም አይከለክልም።

ሐና እንዴት እንደጸለየች ደግሞ ጊዜ ወስደሽ አንብቢ፤ 1ኛ ሳሙኤል 1። ጣውንቷ ፍናና በየዓመቱ ታናድዳታለች፣ እሷም ታለቅሳለች፣ ምግብ አይበላላትም። ባሏ ሕልቃና ይወዳታል። ግን የሚላትን ስሚ፦ «እኔ ከአሥር ልጆች አልሻልሽምን?» ፍቅሩ እውነት ነው፣ ነገሩ ግን አልገባውም። ካህኑ ዔሊ ደግሞ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ድምፅዋ ሳይሰማ አየና ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። ይታይሽ፣ ቤት ያለው ሰው አልተረዳትም፣ መቅደስ ያለውም አልተረዳትም። አንቺም «ስትበስዪ ይሰጥሻል» የተባልሽው ከዚያው አካባቢ ነው። ሐና ግን አንዱንም ሰበብ አድርጋ አልሄደችም። ጠጥቼ አይደለም፣ ነፍሴን በእግዚአብሔር ፊት እያፈሰስኩ ነው አለችው። ዔሊም መረቃት።

ቁጥር 18 ላይ የምወደው ነገር አለ። ሐና ሄደች፣ በላች፣ ፊቷም ከእንግዲህ ወዲህ አላዘነም። ይህ የሆነው ሳታረግዝ ነው። እጇ ላይ ምንም የለም። ጣውንቷም እዚያው ቤት ናት። ግን በላች። እድገት ምን እንደሚመስል ከጠየቅሽኝ እዚህ ጋ ነው የማሳይሽ፤ ሁኔታው ሳይለወጥ፣ ሸክሙን ሳትደብቅ አውጥታ አፍስሳ፣ ተነስታ እራቷን የበላች ሴት። ሌላው ሁሉ፣ ሳሙኤል መወለዱ ጭምር፣ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ እንዲህ አድርጊ። ረጅም ጸሎት አትሞክሪ። አሥር ደቂቃ ይበቃል። በርሽን ዝጊና መዝሙር 13ን ድምፅ አውጥተሽ አንብቢ። ከዚያ ወረቀት ላይ የራስሽን «እስከ መቼ» ጻፊ፣ ሳታሳምሪው። «እስከ መቼ የሌላ ሰው ምስክርነት ሲያስለቅሰኝ ይኖራል» ከሆነ እሱን ጻፊ። ያስቆጣሽ እግዚአብሔር ከሆነም ለራሱ ንገሪው። መጨረሻው ላይ «ተመስገን» ካልመጣልሽ አታስገድጂው። ወረቀቱን ማንም አያየውም። ይህን ለጥቂት ሳምንት ካደረግሽ ሌላ ቃል መምጣቱ አይቀርም፤ በአብዛኛው ሰው ላይ ያየሁት ይህንን ነው። ለሁሉም በአንድ ፍጥነት አይሆንም፣ ስለዚህ አትቁጠሪ።

አንድ ነገር እዚህ ጋ ልጨምር። አልዓዛር ሲታመም ኢየሱስ ሰምቶ እዚያው በነበረበት ሁለት ቀን ቆየ። ሲደርስ አልዓዛር ከተቀበረ አራት ቀን ሆኖታል። ማርታ ወጥታ «አንተ እዚህ ኖረህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር» አለችው። ቆይታ ማርያም መጣችና ቃል በቃል ያንኑ ተናገረች። ለማርታ «ትንሣኤና ሕይወት እኔ ነኝ» ብሎ ታላቅ ትምህርት ሰጣት። ለማርያም ግን ትምህርት አልሰጣትም፤ አብሯት አለቀሰ። ወቀሳው አንድ ነው፣ መልሱ ለየቅል። አንዳቸውንም «እንዴት እንዲህ ትይኛለሽ» አላላቸውም። ምናልባት አንቺ አሁን ትምህርት አያስፈልግሽ ይሆናል። ሰዎች ትምህርት የሚያበዙብሽ እነሱ ዝምታው ስለሚከብዳቸው ነው።

ስለ እልልታውና ስለ ልቅሶው። ስትጽፊው ራስሽን ግብዝ አድርገሽ የቆጠርሽ ይመስላል። አይደለሽም። ለጓደኛሽ ደስ ብሎሻል፣ ለራስሽም አዝነሻል፤ ሁለቱም እውነት ነው፣ አንድ ልብ ሁለቱን ይይዛል። ሮሜ 12፥15 ደስ ከሚላቸው ጋር ደስ ይበላችሁ፣ ከሚያለቅሱ ጋር አልቅሱ ይላል። አንቺ የመጀመሪያውን እየፈጸምሽ ነው። ችግሩ ሁለተኛውን ለአንቺ የሚፈጽም ሰው አለመኖሩ ነው። ብቻሽን ነው የምታለቅሺው። ሐዋርያት ተስፋውን በኢየሩሳሌም እንዲጠብቁ ሲታዘዙ በየቤታቸው አልጠበቁም፤ በአንድ ልብ ሆነው ይጸልዩ ነበር፣ አብረዋቸው ከነበሩት ምእመናን ጋር ቁጥራቸው 120 ያህል ነበር ይላል የሐዋርያት ሥራ 1። አንቺ 120 አያስፈልግሽም። አንድ ሰው ፈልጊ። ወሬ የማያወጣ፣ ምክር ለመስጠት የማይቸኩል። ስትነግሪው ደግሞ የምትፈልጊውን በግልጽ ንገሪው፦ «መፍትሔ አልፈልግም፣ ዝም ብለህ ስማኝ፣ ከዚያ አብረን እንጸልይ።» ሰዎች ብዙ ጊዜ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ስለማያውቁ ነው የሚያበላሹት።

የሠርግ ጥሪ ሲበዛብሽም ሁሉም ጋ እስከ መጨረሻው መቆየት ግዴታሽ አይደለም። ሂጂ፣ ሙሽራዋን እቀፊያት፣ ደክሞሽ ከሆነ ቀድመሽ ውጪ። ቅናት ከመጣ ደግሞ ስሙን ጠርተሽ ለእግዚአብሔር ንገሪው። የተደበቀ ቅናት ነው ሰውን የሚበላው።

አሁን ትንሽ ጠንከር የምልበት ጉዳይ ላይ ደርሻለሁ። ትምህርቱንና ቤቱን «ሳገባ» ብለሽ ማቆየትሽን አልወደድኩትም። እምነት መስሎሽ እንደሆነ ይገባኛል፤ ብቻዬን ቤት ከያዝኩ ተስፋ ቆረጥኩ ማለት ነው ብለሽ ይሆናል። ግን መጠበቅ ማለት ሕይወትን ማቆም አይደለም።

ኤርምያስ 29ን ታውቂዋለሽ። ቁጥር 11ን በየግድግዳው ተለጥፎ አይተሻል፤ ለእናንተ የማስባትን አሳብ አውቃለሁ የሚለውን። ይህ ቃል የተጻፈው ከአገራቸው ተነቅለው ባቢሎን ለተወሰዱ ሰዎች ነው፣ ከፍ ብሎ ቁጥር 10 ላይ ደግሞ 70 ዓመት ይላል። ደብዳቤው ሲደርሳቸው ትልልቆቹ መመለሻውን በዓይናቸው እንደማያዩት ገብቷቸው መሆን አለበት። ታዲያ እስከዚያ ምን አድርጉ አላቸው? ቁጥር 5፦ ቤት ሠርታችሁ ተቀመጡ፣ አትክልት ተክላችሁ ፍሬውን ብሉ። ቁጥር 7፦ ያላችሁበትን ከተማ ሰላም ፈልጉ፣ ስለ እርስዋም ጸልዩ። ቁጥር 11ን ይዞ ቁጥር 5ን የዘለለ ሰው ደብዳቤውን በግማሽ ነው ያነበበው። ተስፋው ሳይለወጥ እዚያው መኖር ይቻላል። እንዲያውም የታዘዙት እንደዚያ ነው።

ዳዊትንም ተመልከቺው። ሳሙኤል ንጉሥ እንዲሆን ዘይት ቀባው። ከዚያ ምን አደረገ? ትንሽ ቆይቶ ሳኦል ወደ አባቱ ሲልክ «ከበጎች ጋር ያለውን ልጅህን ዳዊትን ላክልኝ» ነው ያለው። ተቀብቶ ወደ በጎቹ ተመልሷል! ዙፋኑ ላይ የተቀመጠው 30 ዓመት ሲሆነው ነው፣ በመሀሉም ዋሻ ለዋሻ ሲሸሽ ኖሯል። በጎቹን ሊያሰማራ ሲወጣ ዘይቱ ግንባሩ ላይ ገና አልደረቀም ነበር ብዬ አስባለሁ። ሥራው ግን አልቆመም።

ዮሴፍ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምረኛል። በ17 ዓመቱ ሕልም አየ፣ በፈርዖን ፊት የቆመው በ30 ዓመቱ ነው። እስር ቤት እያለ አንድ ቀን ጠዋት ሁለት እስረኞች አዝነው አያቸውና «ዛሬ ፊታችሁ ለምን ጠቆረ?» ብሎ ጠየቃቸው (ዘፍጥረት 40)። ራሱ ያለ ጥፋቱ ታስሮ፣ የራሱ ሕልም ሳይፈታ፣ የሌላ ሰው ፊት መጥቆሩን አስተዋለ። ከዚያ ቀን በኋላ እንኳ ከሁለቱ አንዱ፣ የፈርዖን የመጠጥ አሳላፊ የነበረው፣ ከእስር ወጥቶ ረሳው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ። ጥያቄው ወዴት እንደሚወስደው አላወቀም ነበር። እንዲሁ ጠየቀ።

እነዚህን ሦስቱን ያነሳሁት እድገት የሚታይባቸው ቦታዎች ስለሆኑ ነው። እምነቴ አድጓል ወይ ብለሽ ስሜትሽን አትጠይቂ፤ ስሜትሽ በእንቅልፍ ማጣት ብቻ ይለዋወጣል። ይልቅ እነዚህን ጠይቂ። ከበፊቱ ይልቅ ለእግዚአብሔር እውነቱን እናገራለሁ? የማይሆን ነገር ሲመጣ እምቢ ማለት ችያለሁ? የሌላ ሰው ፊት ሲጠቁር ይታየኛል? ዛሬ ያለኝን ሥራ በአግባቡ እየሠራሁ ነው? ለአንዱ እንኳ «አዎ» ካልሽ እያደግሽ ነው፤ እያለቀስሽም ቢሆን።

የሚከብደውን ጥያቄ አልዘልልሽም። ባይመጣስ? ትዳሩ ጨርሶ ባይመጣስ? ብዙ ሰባኪ «አብርሃምን ያሰበ አንቺንም ያስብሻል» ብሎ ያልፈዋል። አብርሃም ግን ልጅ እንደሚወለድለት ከእግዚአብሔር በግልጽ ሰምቷል። ለእያንዳንዱ ክርስቲያን ባል ወይም ሚስት እሰጣለሁ የሚል ቃል ግን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አላገኘሁም። ይህን ስነግርሽ ልቤን ያመኛል፣ ግን ያልተሰጠን ተስፋ ይዞ እግዚአብሔር ዋሸኝ ከማለት ይሻላል። የተሰጠን አለ፤ አልለቅህም፣ አልተውህም የሚለው፣ ከፍቅሩ የሚለየን እንደሌለ የሚናገረው። ዕብራውያን 11 ስለ እምነት ሰዎች ዘርዝሮ ሲጨርስ እነዚህ ሁሉ በእምነታቸው ተመስክሮላቸው ሳለ የተስፋውን ቃል አላገኙም ይላል። ሳያዩት ሞቱ። እምነታቸው ግን ከሸፈ አላላቸውም።

ደግሞ መልሱ ካሰብነው ተቃራኒ በኩል ሊመጣ ይችላል። ሞኒካ በኋላ ታላቅ የቤተ ክርስቲያን መምህር የሆነው ልጇ አውግስጢኖስ ክርስቲያን እንዲሆንላት ለዓመታት አልቅሳለች። በ383 ከሰሜን አፍሪካ ወደ ሮም ሊሄድ ሲል እንዳይሄድባት ተከትላው ወደብ ድረስ ወረደች። እሱ ጓደኛዬን ልሸኝ ነው ብሎ አታለላት። ያን ሌሊት ለሰማዕቱ ቆጵርያኖስ መታሰቢያ በተሠራ ጸሎት ቤት ውስጥ እያለቀሰች ልጇ እንዳይሄድ ስትለምን አደረች፣ ጠዋት መርከቡ የለም። ልመናዋ አልተሰማም። ግን እዚያው ኢጣልያ ውስጥ ነው አውግስጢኖስ ጳጳሱን አምብሮስን ያገኘው፣ በ387 ሚላን ውስጥ ያጠመቀውም እሱ ነው። ሞኒካ አይታ በዚያው ዓመት ሞተች። ያቺ ሌሊት «እምቢ» የተባለችው ለዓመታት የለመነችው ነገር መንገዱ በዚያ ስለነበረ ነው። ይህን የማነሳው ያንቺም እንዲሁ ይሆናል ልልሽ አይደለም፤ ያንን እግዚአብሔር ብቻ ያውቃል። ከውስጡ ሆነሽ ስታዪው ግን ሞኒካም ያን ጠዋት ባዶ ባሕር ብቻ ነው ያየችው።

ልመናውን ልተወው ወይ ላልሽው፦ አትተዪው፣ ካልፈለግሽ። በሉቃስ 18 ያለችው መበለት ደጋግማ በመለመኗ አልተነቀፈችም፣ ተመሰገነች እንጂ። ጳውሎስ ደግሞ የሥጋውን መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል መልስ ሲያገኝ በዚያው አረፈ። እሱ መልስ ስለተሰጠው ነው ያቆመው፤ አንቺ ገና ምንም ካልሰማሽ መለመን ትችያለሽ። የምመክርሽ ግን ልመናው የጸሎትሽ ሁሉ ባለቤት እንዳይሆን ነው። በሳምንት አንድ ቀን ለይተሽ በዚያ ቀን ስለ ትዳር ለምኚ፣ ከልብሽ፣ ሳታፍሪ። በሌሎቹ ቀናት ሌላ ነገር ይዘሽ ቅረቢ፤ አንድ መዝሙር፣ የአንድ ሰው ስም፣ የሥራ ቦታሽን ጉዳይ፣ ወይም ዝም ብለሽ መቀመጥ። መጀመሪያ እንግዳ ይሆንብሻል።

የትምህርቱን ምዝገባ ደግሞ አታቆዪው። ቤቱንም አቅምሽ ከፈቀደ ፈልጊ።

አንድ የቀረኝ አለ። እንቅልፍ ካጣሽ፣ ምግብ ካልበላልሽ፣ ለሳምንታት ምንም ነገር ደስ ካላለሽ፣ ወይም ባልኖርኩ የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ፣ ይህን በጸሎት ብቻ እወጣዋለሁ አትበይ። ኤልያስ በምድረ በዳ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ «ነፍሴን ውሰድ» ባለ ጊዜ መልአኩ መጀመሪያ ያመጣለት ስብከት አይደለም፤ እንጎቻና ውኃ ነው። በላ፣ ተኛ፣ ቀሰቀሰው፣ እንደገና በላ። በኮሬብ ተራራ ድምፁን የሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ እነዚህ ምልክቶች ካሉብሽ በዚሁ ሳምንት ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ሂጂ፣ ብቻሽንም አትሂጂ፣ ያን የምታምኚውን አንድ ሰው ይዘሽ ሂጂ።